ለማኅበራችን ኮምፒውተር የትኛውን ፓወር ሰፕላይ እንግዛ?

(ቤይሩት በእሑድ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር። ዕረፍት ተከልክለው መምጣት ላልቻሉ እህቶች እንዲደርስ ተጽፎ የወጣ።)

እህቶቼ፣ ባለፈው እሑድ ሳንጨርሰው ከተነሳነው ክርክር እጀምራለሁ። ላልነበራችሁት፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከየወሩ መዋጯችን ለኮምፒውተር ያጠራቀምነው 300 ዶላር ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ማዘርቦርዱ፣ ሚሞሪው፣ ኤስኤስዲው፣ ኬዙና ያገለገለው ስክሪን ተደምረው 245 ዶላር ይወስዳሉ። 55 ዶላር ቀረን። እኔ ባለ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ በ45 ዶላር እንግዛ አልኩ። አንዷ እህታችን ደግሞ ባለ 700 ዋት በ15 ዶላር አግኝታ ፎቶውን በግሩፓችን ላከች። «ሦስት እጥፍ ከፍለን ያነሰ ዋት መግዛት ምን የሚሉት ነው?» አለች። ሁላችሁም ሳቃችሁ፣ ገንዘብ ያዣችን ግን አልሳቀችም። ልክ ነች። 30 ዶላር ቀልድ አይደለም፣ ከመካከላችን የሳምንት ድካሟ የሆነች አለች። ስለዚህ ጥያቄው በ«እኔ አውቃለሁ» የሚመለስ አይደለም፣ ከነሂሳቡ መቅረብ አለበት።

ዛሬ የምነግራችሁ ለዚህ ክፍል ኮምፒውተር ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችሁ ለወንድም ለእህት ኮምፒውተር መላክ ታስባላችሁ። አገር ገብታችሁ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ለመክፈት የምታስቡም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሂሳቡ ያው ነው።

መጀመሪያ ዕቃው ምንድን ነው? ከግድግዳ የሚመጣው መብራት እዚህም አገር ቤትም 220 ቮልት ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ይህን በቀጥታ ቢያገኙ በቅጽበት ያልቃሉ። እነሱ የሚፈልጉት 12 ቮልት፣ 5 ቮልት እና 3.3 ቮልት ነው፣ ያውም የማይዋዥቅ። ፓወር ሰፕላይ ማለት ከኬዙ ጀርባ የምትታሰር፣ ፋን ያላት፣ ብዙ ገመድ የሚወጣባት የብረት ሳጥን ናት። 220ውን ተቀብላ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚስማማውን ቆርሳ ትሰጣለች። ፕሮሰሰሩም፣ ማዘርቦርዱም፣ ዲስኩም ከእሷ እጅ ነው የሚበሉት። ሌላ ዕቃ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ራሱ ብቻ ይበላሻል። እሷ በመጥፎ ሁኔታ ስትበላሽ ግን 245 ዶላሩን ይዛ ልትሄድ ትችላለች።

ከዚህ በፊት ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ላጥራ። «ባለ 450 ዋት ከሆነ 450 ዋት ይበላል ማለት ነው? መዳም ወይም የቤት አከራዩ አይቆጣም?» አይደለም። በላይዋ ላይ የተጻፈው ዋት መስጠት የምትችለው ከፍተኛው ነው እንጂ ሁልጊዜ የምትወስደው አይደለም። 20 ሊትር ጀሪካን ስለያዛችሁ 20 ሊትር አትጠጡም። የምትወስደው ኮምፒውተሩ በዚያ ሰዓት የጠየቃትን ያህል ነው፣ ስትሠራ በሙቀት የሚባክነውም ይጨመርበታል።

የእኛ ኮምፒውተር ስንት ይጠይቃል? ፕሮሰሰራችን 65 ዋት ተብሎ የተመደበ ኮር አይ3 ነው። ሥራ ሲበዛበት ለትንሽ ጊዜ ከዚያ በላይ ይወጣል፣ 90 እንበለው። ማዘርቦርድ፣ ሚሞሪ፣ ኤስኤስዲና ፋን አንድ ላይ 30 ዋት ብንላቸው ብዙ አንሳሳትም። ለጌም የሚሆን ግራፊክስ ካርድ የለንም፣ አያስፈልገንምም። ስለዚህ ሙሉ አቅሙን ቢጠቀም 120 ዋት አካባቢ ነው። ሲቪ ስትጽፉ፣ የዕቁብ ሂሳብ ስትመዘግቡ፣ የውላችሁን ወረቀት ስካን ስታደርጉ የዚያን ግማሽም አይወስድ። ስክሪኑ የራሱ ገመድ አለው፣ 25 ዋት ያህል ጨምሩለት።

ለኢሽቲራክ ስናስበው፣ 5 አምፔር የጄኔሬተር መስመር ያለው ቤት 5 ሲባዛ በ220፣ ማለትም 1100 ዋት አለው። 2.5 አምፔር የሆነበት ደግሞ 550። ኮምፒውተራችን ከነስክሪኑ አንድ አምፔር አይሞላም። ብሬከሩን የሚጥለው የውሃ ማፍያው፣ ካውያውና የፀጉር ማድረቂያው ነው። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጋግር ብላችሁ ባለፈው ፋሲካ ሕንጻውን ሙሉ ጨለማ ያደረጋችሁት እናንተ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ 120 ዋት ነው የምንፈልገው። ታዲያ ባለ 700 ዋቷ ምን ጎደላት? ወደ ፎቶው እንምጣ። በጎኗ የተለጠፈውን ወረቀት አጉልታችሁ ተመልከቱት። በትልቁ 700 ይላል። ከሥሩ በትንሽ ጽሑፍ ሰንጠረዥ አለ፣ እውነቱ እዚያ ነው ያለው። በ12 ቮልት መስመር ላይ 18 አምፔር ይላል። ቮልትን በአምፔር አባዙት፣ ዋት ይሰጣችኋል። 12 በ18፣ 216 ዋት። በ5 ቮልት 20 አምፔር ይላል፣ 100 ዋት። በ3.3 ቮልት 20 አምፔር፣ 66 ዋት። ሦስቱ ተደምረው 382 ናቸው። 700ው ከየት መጣ? ከአታሚው ቤት ነው የመጣው!

በዛሬ ኮምፒውተር ደግሞ ከባዱን ሥራ የሚሠራው 12 ቮልቱ ነው፣ ፕሮሰሰሩ የሚበላው ከእሱ ነው። ስለዚህ የፓወር ሰፕላይ እውነተኛ ስሟ በ12 ቮልት መስመሯ የምትሰጠው ዋት ነው። ባለ 450ዋን ተመልከቱ፣ 12 ቮልት ላይ 36 አምፔር ይላል። 12 በ36፣ 432 ዋት። 450 ብላ 432ቱን በዋናው መስመር ትሰጣለች። ይቺ አትዋሽም። 700 ያለችው 216፣ 450 ያለችው 432። አሁን የትኛዋ ነው ያነሰችው?

እዚህ ላይ አንዷ ብልህ እንዲህ ልትለኝ ትችላለች፦ «የምንፈልገው 120 ከሆነ 216ም ይበቃን የለ? ይዋሽ፣ ምን አገባን?» ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሂሳቡም ልክ ነው። እኔም የምለው ዋቱ አነሰ አይደለም። በትልቁ ፊደል የዋሸ ሰው በትንሹ ፊደል የጻፈው 18 አምፔርስ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ? በ15 ዶላር ለመሸጥ ደግሞ ከውስጥ የሆነ ነገር መቀነስ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ደግሞ ከውጭ የማይታየው መከላከያው ነው። ደህናዋ ፓወር ሰፕላይ ቮልቱ ከልክ ካለፈ፣ ሁለት ገመድ ከተነካካ፣ ከአቅም በላይ ከተጠየቀች፣ ራሷን ትዘጋለች። ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል፣ ትደነግጣላችሁ፣ ሌላው ዕቃ ግን ይተርፋል። መከላከያ የሌላት 12 መስጠት ሲገባት ከልኩ ያለፈ ልካ ማዘርቦርዱን ታቃጥላለች። ጥሩ ካፓሲተርና ማጣሪያ ከሌላት ደግሞ ቀስ ብላ ነው የምትገድለው፦ ኮምፒውተሩ ያለ ምክንያት ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ዲስኩ ፋይል ያበላሻል፣ እናንተ ቫይረስ ነው እያላችሁ ትከርማላችሁ።

አንዲት እህታችን፣ ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው፣ ደሴ ላለ ወንድሟ ሙሉ ኮምፒውተር ከዚህ አስገጥማ ላከች። የሱቁን ስም አልጠራም። ሌላው ዕቃ ደህና ነበር፣ ፓወር ሰፕላዩ ግን ከኬዙ ጋር «በነጻ» የተሰጣት ነበር። ልጁ ሦስት ሳምንት ተጠቀመበት። አንድ ምሽት መብራት ሄዶ ሲመለስ ጧ አለ። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማዘርቦርዱ፣ ከዲስኩ ጋር የመመረቂያ ጽሑፉ ሄደ። እሷ ለካርጎ የከፈለችውን እንኳ አልመለሰችም። ሱቁ ሄዳ ስትጠይቅ «አገርሽ መብራት መጥፎ ስለሆነ ነው» አሏት። የቤይሩት መብራት ደህና ይመስል! ከኬዝ ጋር በነጻ የሚመጣ ፓወር ሰፕላይ ስታገኙ ኬዙን ውሰዱ፣ ሳጥኑን አስቀምጡት።

ስለዚህ ስትገዙ ምን ታያላችሁ? አንዱን ነግሬአችኋለሁ፣ የ12 ቮልቱን አምፔር በ12 አባዙ፣ ከተጻፈው ዋት ጋር ይቀራረባል ወይ በሉ። ሻጩ ሰንጠረዡን እንድታዩት ካልፈቀደ ወይም ሰንጠረዥ ጭራሽ ከሌላት ውጡ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ መዳምሽን አምጫት» የሚል ሻጭ ያጋጥማችኋል። ስልካችሁን አውጡና ማባዣውን ፊቱ ላይ ሥሩት።

ሁለተኛ፣ «80 ፕላስ» የሚል ምልክት። ይህ በ2004 የተጀመረ የምስክር ወረቀት ነው። ትርጉሙ፣ ከግድግዳ ከወሰደችው ውስጥ ቢያንስ 80 በመቶውን ለኮምፒውተሩ ታደርሳለች፣ ከ20 በመቶ በላይ በሙቀት አታባክንም ማለት ነው። ከዚያ በላይ ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ እያለ ይወጣል። ለእኛ ተራው ወይም ብሮንዙ ይበቃል። ጎልድ በሚለው ቃል አትሳቡ፣ ሻጩ «መብራት ይቆጥባል» ይላችኋል። በሳምንት አንድ ቀን አምስት ሰዓት ለሚሠራ ኮምፒውተር ልዩነቱ የሻይ ዋጋ አይሞላም። ደግሞ ልብ በሉ፣ ይህ ምልክት የሚለካው ብክነትን እንጂ ደህንነትን አይደለም። ግን ያን ፈተና ለማለፍ ውስጧ ደህና ዕቃ መኖር ስላለበት ጥሩ ፍንጭ ነው። አስመስሎ የሚለጥፍም ስላለ የሞዴሉን ቁጥር በስልካችሁ ፈልጉት፣ የታወቀ ዕቃ ከሆነ ሰው ፈትቶ የመረመረውን ታገኛላችሁ። ኮርሴር፣ ሲሶኒክ፣ ኩለር ማስተር፣ ቢ ኳየት የሚሉ ስሞች በየሱቁ አሉ። ስም ብቻ አይበቃም፣ አንድ ድርጅት ደህናም ርካሽም ሞዴል ይሠራል። የሞዴሉ ቁጥር ነው ወሳኙ።

ሦስተኛ፣ የሚገባባት ቮልት። በዚያው ወረቀት ላይ አንዳንዷ ከ100 እስከ 240፣ አንዳንዷ ከ200 እስከ 240 ብቻ ይላል። ሁለቱም እዚህ ይሠራሉ። ለአገር ቤት ግን የመጀመሪያዋ ትሻላለች፣ ማታ ማታ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቱ በሚወርድበት ሰፈር ቶሎ አትጠፋም።

ይህችን ደግሞ አደራ! በአንዳንድ አሮጌና ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ ላይ ትንሽ ቀይ ማብሪያ የመሰለች ነገር አለች፣ 115 እና 230 የሚል ተጽፎባታል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ከሆነ 115 ላይ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ እያለች 220 ላይ ብትሰኳት ትፈነዳለች። ገመድ ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኗን እዩ። ልጅ በጣቱ እንዳይጫወትባትም በፕላስተር ሸፍኗት።

ክብደትና ገመድም ይናገራሉ። እንደ ባዶ ቆርቆሮ የቀለለች ከሆነ ውስጧ ብዙ ነገር የለም። ከባድ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም፣ ብረት ጨምሮ የሚያከብድም ጠፍቶ አያውቅም። ገመዱ ላይ በጥቃቅኑ ቁጥር ይጻፋል። 18 ከሆነ ደህና ውፍረት ነው፣ 20 ወይም 22 ከሆነ ቀጭን ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ገመዱ ይቀጥናል፣ ተቃራኒ ነው። ለማዘርቦርድ 24 ፒን፣ ለፕሮሰሰር አራት አራት ሆኖ የሚከፈል 8 ፒን፣ ለዲስክ ቢያንስ ሁለት ሳታ መሰኪያ መኖሩን ቁጠሩ።

ያገለገለ ይገዛል ወይ? አዎ፣ እንደ ሁኔታው። የታወቀ ሞዴል ሆኖ ሦስት አራት ዓመት የሠራ ከሐሰተኛ አዲስ ይሻላል ባይ ነኝ። አሥር ዓመት የሠራን ግን ካፓሲተሩ ስለሚደርቅ አልነካውም። ሌላ መንገድም አለ፦ ከቢሮ የወጣ ሙሉ ኮምፒውተር መግዛት። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 የሚባለው፣ ትንሹ ኬዝ ያለው፣ ፓወር ሰፕላዩ 240 ዋት ብቻ ነው፣ በዚያች 240 የቢሮ ሥራ ዓመታት ሠርቷል። 700 የሚለው ቁጥር ለማን እንደተጻፈ ከዚህ ይገባችኋል። ችግሩ፣ እንዲህ ያሉ የቢሮ ማሽኖች ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸው በቅርጽ ወይም በመሰኪያ የተለየ ነው፣ ሲበላሽ አገር ቤት ምትኩ ላይገኝ ይችላል። ለዚህ ነው ለማኅበራችን በተለመደው መጠን፣ ኤቲኤክስ በሚባለው፣ እንገጣጥም ያልኩት። ማንኛውም ጥገና ቤት ይለውጠዋል።

ከተገዛ በኋላስ? እዚህ መስመሩ ከመንግሥት ወደ ጄኔሬተር ሲቀየር መብራቱ ይንገጫገጫል። መብራት ሲሄድ ማከፋፈያውን አጥፉት፣ ተመልሶ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲረጋጋ አብሩት። አቅም ሲገኝ ትንሽ ዩፒኤስ እንገዛለን፣ ሥራችንን አስቀምጠን ለማጥፋት የምትበቃ። የጽሕፈት ቤት ለምትከፍቱ፣ ሌዘር ፕሪንተር ከዩፒኤስ ላይ አትሰኩ። ሲሞቅ በአንድ ጊዜ ብዙ ስለሚስብ ዩፒኤሱን ይጥለዋል።

ኬዙን ስትነኩ ነዘር ካደረጋችሁ ብዙ ጊዜ ሶኬቱ የመሬት መስመር ስለሌለው ነው። በአሮጌ ሕንጻ የተለመደ ነው፣ ሦስተኛዋን እግር የሚያስቀር አስማሚ ስትጠቀሙም ይመጣል። ሦስት እግር ያለው እውነተኛ ሶኬት ፈልጉ። ወለል ወልውላችሁ በባዶ እግር፣ በእርጥብ እጅ፣ በፍጹም አትንኩ።

ሳጥኗን ደግሞ ማንም አትክፈት። ከግድግዳ ከተነቀለች በኋላም ውስጧ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። አቧራዋን ከውጭ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። ፋኗ ካልዞረች በካቻቢቴ አትፍቱ፣ ለባለሙያ ስጡ። ሆስፒታል የሚያስገባን ወረቀት እንደሌለን እናውቃለን።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ባለ 450ዋ ትገዛ፣ ከ55ቱ ዶላር 10 ይተርፋል። በእሱ ፊውዝ ያለው ደህና ማከፋፈያ እንገዛበታለን። ሰንጠረዡን ማንበብ የምትፈልጉ ሁለት ሰዎች በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብራችሁኝ ወደ ዳውራ ኑ። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ተቀብላችሁ ለገንዘብ ያዣችን የምታስረክቡት እናንተ ናችሁ። 700 ዋቷን ያገኘችው እህታችን አንዷ ብትሆን ደስ ይለኛል፣ ዋጋ ስትከራከር አይቻታለሁ፣ ከ45ቱ ላይ የሆነ ነገር ታስቀንሳለች። አሁን እጅ አውጡና እንወስን።